እርሳስ፣ ዚንክና ብር ያለበትን ድንጋይ ጅማ ላይ ሆኖ መለየት

እንቁላል የሚያክል የጋሌና ቁራጭ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ የሚያክል የጅማ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ከ160 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አንድ ሰው «ብር ያለበት ድንጋይ» ብሎ ይዞ ሲመጣ ብልጭታውን ከማየት በፊት በእጅ አንስቶ መመዘን ይቀድማል። ጋሌና የእርሳስ ማዕድን ነው፤ ንጹሑ 86.6 በመቶ እርሳስ፣ ቀሪው ድኝ ነው። ብር ካለም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸገው እዚሁ ጋሌና ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ ቅንጣት ነው።

ለልኬቱ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ድንጋዩን አጥበው፣ አድርቀው ይመዝኑ፤ 210 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ግማሹ ውሃ የሆነ ማሰሮ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኑ 28 ካሳየ 210ን ለ28 ያካፍሉ፤ 7.5 ይወጣል፣ ማለትም ድንጋዩ ከእኩል መጠን ውሃ 7.5 እጥፍ ይከብዳል። ይህ የጋሌና ልክ ነው። ድንጋዩ የማሰሮውን ታች ከነካ ሚዛኑ ክብደቱንም ስለሚሸከም ቁጥሩ ይዘላል፤ ስንጥቁ ውስጥ አየር ከቀረ ደግሞ ድንጋዩ ከእውነቱ የቀለለ ይመስላል። ውሃ ውስጥ ነቅነቅ አድርገው አረፋውን ያስወጡ። ለጥቃቅን ቁራጭ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይሻላል፣ ግን ወርቅ ሠሪው እሺ ላይል ይችላል፤ እርሳስ በትንሹም ቢሆን ወርቅ ውስጥ ከገባ ወርቁን ተሰባሪ ስለሚያደርገው እውነት አለው።

ችግሩ ውጤቱ 4 ሲሆን ነው። 4 ማለት ንጹሕ ስፋለራይት፣ ማለትም የዚንክ ማዕድን፣ ሊሆን ይችላል። ወይም በክብደት ግማሹ ጋሌና፣ ግማሹ ነጭ ኳርትዝ የሆነ ድብልቅ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ብቻውን አይለያቸውም። እዚህ ላይ የወለል ሴራሚክ ያልተቀባው ጀርባ ያስፈልጋል። ድንጋዩን ጫን አድርገው ይጫሩበት። ጋሌና እንደ እርሳስ መጻፊያ ግራጫማ ጥቁር መስመር ይተዋል። ስፋለራይት ራሱ ጥቁር ቢሆን እንኳ የሚተወው ፈዛዛ ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ነው። መስመሩ ቀይ ከሆነ በእጅዎ ያለው የብረት ማዕድን ነው። ፓይራይት፣ ወርቅ የሚመስለው የብረትና የድኝ ማዕድን፣ አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ይሰጣል፤ ቢላም አይጭረውም፣ ጋሌናንና ስፋለራይትን ግን ቢላ ይጭራቸዋል። ጋሌና ሲሰበር እንደ ትናንሽ የስኳር ኩብ በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሰነጠቃል።

ስፋለራይት የሚለው ስም በግሪክኛ «አታላይ» ከሚል ቃል ነው የመጣው። የጥንት ቆፋሪዎች ጋሌና መስሏቸው ሲያቀልጡት እርሳስ አጡበት። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሲየስ ይፈላል፤ ማዕድኑን ወደ ንጹሕ ዚንክነት የሚመልሰው እሳት ከዚያ ስለሚበልጥ፣ ክፍት ምድጃ ላይ ተንኖ ይበናል። የሕንድ የዛዋር ሠራተኞች በተዘጋ የሸክላ ዕቃ ትነቱን አቀዝቅዘው ያዙት። አውሮፓ ውስጥ ግን ዊሊያም ሻምፒየን ለተመሳሳይ ዘዴ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1738 ነበር። አሮጌ የእርሳስ ጉድጓድ አፍ ላይ የሚታየው ክምር ዚንክ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ብሩን ፈልገው ቆፈሩ፣ አታላዩን ጣሉ። በጀርመን ፍራይበርግ ብር የተገኘው በ1168 ነው፤ ከዚያው አካባቢ ከመጣ ስፋለራይት በ1863 ኢንዲየም የተባለው ንጥረ ነገር ተገኘ።

እንዲህ ያለው የማዕድን ሥር፣ ማለትም የአለት ስንጥቅ የሞላ የማዕድን መስመር፣ የሚፈጠረው ጨዋማ ሙቅ ውሃ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ዲግሪ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ወይም ሲፈላ የተሸከመውን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ሽፋን በሽፋን ይጥላል። ጅማ ዙሪያ ቀይ አፈሩ ሁሉንም ስለሚሸፍን መመልከቻው ለመንገድ ሲባል የተቆረጠ ዳገትና የወንዝ ዳር ነው። ግን አፈሩ ራሱ ያሳስታል፦ ከባዛልት የበሰበሰው ቀይ አፈር በብረት ስለሚበለጽግ በማዕድን ሥር አናት ላይ የሚገኘውን ዝገት ይመስላል። የሥሩ ዝገት ቀጥ ያለና ጠባብ መስመር ይዞ ይሄዳል፣ ነጭ ኳርትዝ ይዞ ይገኛል፣ ማዕድኑ ታጥቦ የተወው ኩብ ቅርጽ ያለው ባዶ ቀዳዳም አለው። ቀይ አፈሩ ግን በየአቅጣጫው ተዘርግቶ ይገኛል።

ናሙና ሲወሰድ የሚያብለጨልጨውን ብቻ መልቀም ትልቁ ስሕተት ነው። ሥሩን ከዳር እስከ ዳር በ90 ዲግሪ ማዕዘን አቋርጦ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፤ ለአንድ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ሽፋኑ በተለወጠ ቁጥር ከረጢቱም ይለወጥ፤ ያለዚያ ባዶው ግድግዳ የሥሩን ጥራት ያሳንሰዋል። ከደቀቀ በኋላ ክምሩን በመስቀል አራት ቦታ ከፍለው ተቃራኒ ሁለቱን ያስቀሩ። ጉድጓድ ለመቆፈር ግን መጀመሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብሩን የሚያሳየው የላቦራቶሪ የእሳት ምርመራ ነው፤ እርሳሱ ኦክሳይድ ሆኖ ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ ይመጠጣል፣ ብሩ እንደ ጠብታ ይቀራል። ውጤቱ በቶን 1,000 ግራም ብር ያለው ጋሌና ነው ቢባል፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውና 83.3 በመቶው ብር የሆነው አንድ ጠገራ ብር 23 ኪሎ ተኩል ያህል ጋሌና ይጠይቃል። ይህን ምርመራ ከሰል ላይ በቤት አይሞክሩት፤ የሚወጣው የእርሳስ ጭስና የድኝ ጋዝ መርዝ ነው። ድንጋዩንም በቡና ሙቀጫ አይውቀጡት፤ የተወቀጠበት ሙቀጫ ከዚያ ወዲያ ለቡና አይሆንም።