ባላስቱን ለቆራሌው ሰጥቶ ቱቦውን መያዝ፦ ፍሎረሰንትና ዲስቻርጅ መብራት ሰብሳቢዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተራ አምፖል መያዣው ላይ ከተጠመዘዘ ሌላ ነገር አይፈልግም፤ ክሩ ራሱ ከረንቱን ይገድበዋል። ፍሎረሰንት፣ ሜርኩሪና ሶዲየም መብራቶች ግን (ዲስቻርጅ የሚባሉት) ብርሃናቸው የሚመጣው ከጋዝ ነው። ጋዙ አንዴ ማስተላለፍ ከጀመረ ከረንቱ በጨመረ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ እየቀለለት ይሄዳል፤ ልጓም ካላገኘ በቅጽበት ወይ መብራቱ ይፈነዳል ወይ ፊውዙ ይቃጠላል። ልጓሙ ባላስት ነው። መብራት መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ከሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት መብራቱን ለብቻው ሙሉ ዕቃ አድርጎ ከማየት ነው።

ቱቦውን አንስቶ ሌላውን መተው

ምናለሽ ተራ ወይም ሕንፃ የሚፈርስበት ቦታ ሄዳችሁ ከሆነ ዋጋው የሚሰላው በብረትና በመዳብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባላስቱ በኪሎ ይሸጣል፣ ቱቦው ይጣላል። ጀማሪ ሰብሳቢ ቱቦውን በነፃ በማግኘቱ ተደስቶ ይመለሳል፤ ባላስቱ፣ ቱቦውን የሚያስነሳው ስታርተርና ሁሉንም የሚይዘው ቆርቆሮ ግን ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ገብተዋል። 38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የድሮው ባለ 40 ዋት ቱቦ (ቲ12 የሚባለው) በራሱ ዘመን ባላስት ሲነሳ ብልጭ ብልጭ ብሎ፣ እያጉረመረመ ነው። ዛሬ በሚሸጥ ኤሌክትሮኒክ ባላስት ላይ ስትሰኩት ያ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ ሙሉውን አውርዱ። ስታወርዱ ግን ቆርቆሮው ውስጥ ካፓሲተር ካለ መብራቱ ከተነቀለ በኋላም ኮረንቲ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በእጅ አትንኩ።

በዋትና በጥርስ ብቻ ማጣመር

ከሁሉም ውድ ስህተት ይህ ነው። ባለ 250 ዋት የሜርኩሪ መብራት፣ ባለ 250 ዋት ሶዲየም እና ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ ሦስቱም አንድ ዓይነት ትልቅ ጥርስ፣ ኢ40፣ ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ በሌላው ቦታ ይጠመዘዛል፤ መጠመዘዙ ግን ይሠራል ማለት አይደለም። የሶዲየሙ ባላስት ወደ 3 አምፔር ይሰጣል፣ ሜርኩሪው የሚፈልገው ከ2 አምፔር እምብዛም የማይበልጥ ነው። በተጨማሪም ሶዲየሙን የሚያስነሳው ኢግናይተር በሺህ ቮልት የሚቆጠር ምት ይልካል፤ ሜርኩሪው ለዚያ አልተሠራም። በተቃራኒው ተራ ሶዲየም በሜርኩሪ ባላስት ላይ ያለ ኢግናይተር ጭራሽ አይነሳም።

ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ 160 ዋቱ ቅልቅል መብራት ከሜርኩሪው ጋር በመልክ መንታ ነው፣ ሁለቱም ነጭ ቅባት የተቀቡ ናቸው። ነገር ግን በውስጡ እንደ ባላስት የሚያገለግል የተንግስተን ክር ስላለው በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ይሠራል። ይህን ያየ ሰው ባለ 125 ዋቱንም ሜርኩሪ እንዲሁ በቀጥታ ቢሰካው ውጤቱ ፍንዳታ ነው። ቀለሙና ቅርጹ ምንም አይነግሯችሁም፤ የተጻፈውን አንብቡ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ባላስትም የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ዘንድ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ብዙዎች ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝተው ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ትራንስፎርመሩ ግን ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተጠቀለለ ባላስት በ50 ላይ ከሚገባው በላይ ከረንት ያሳልፋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ደግነቱ ራሱ ቱቦው፣ ያ ባለ አራት ጫማው ኤፍ40ቲ12፣ እዚህ ባለ 36 ወይም 40 ዋት ባላስትና ስታርተር ላይ ያለ ችግር ይበራል። ስለዚህ ቱቦውን አስመጡ፣ ባላስቱን ለመደርደሪያ አድርጉት። በዕድሜ የገፋ ከሆነ እሱንም ቢሆን በጥንቃቄ፦ አሜሪካ በባላስት ውስጥ ይገባ የነበረውን ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ማምረት የከለከለችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ላይ «ፒሲቢ የለውም» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ጽሑፉ ከሌለውና ጥቁር ቅጥራን የሚያነባ ከሆነ ባዶ እጃችሁን አታስነኩት።

ብርጭቆው ጥርት ያለውን ቱቦ አብርቶ ማየት

ከሆስፒታል ወይም ከውኃ ማጣሪያ የወጣ፣ ዱቄት ያልተቀባ ጥርት ያለ ቱቦ ያጋጥማል። ሲበራ ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። ያ መብራት ጀርም ገዳይ ነው፤ 253.7 ናኖሜትር ላይ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር በብርጭቆው አልፎ ይወጣል። ዓይንን የሚያደርገው ብየዳ እንደሚያደርገው ነው፦ ሲያዩት ምንም አይሰማም፣ ማታ ግን አሸዋ የተበተነበት ያህል ያቃጥላል።

የውጪ ብርጭቆው የተሰበረ ሜርኩሪ ወይም ሜታል ሃላይድ መብራትም እንዲሁ ነው። ውስጥ ያለው የኳርትዝ ቱቦ መሥራቱን ሊቀጥል ስለሚችል ሰው «አሁንም ይሠራል» ብሎ ይደሰታል። የዚያ የተሰበረው ብርጭቆ አንዱ ሥራ ጨረሩን መከልከል ነበር። አታብሩት።

ጫፉ የጠቆረውን ሁሉ ሙት ማለት

ጫፉ ላይ ያለው ጥቁረት ኤሌክትሮን ከሚለቀው ቅባት እየተነነ የወጣ ነው፣ የዕድሜ ምልክት እንጂ የሞት ማስረጃ አይደለም። በመልቲሜትር ሁለቱንም ጫፎች ለኩ፦ በእያንዳንዱ ጫፍ ባሉት ሁለት እግሮች መካከል ጥቂት ኦም ካነበበ ክሩ አልተበጠሰም። ሁለቱ ጫፎች ቀልተው መሀሉ ካልበራ ደግሞ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስታርተሩ ነው፤ ተጣብቆ ቀርቷል። ቱቦው ጽጌረዳ መሳይ ቀለም ይዞ ደብዝዞ ከበራ ሜርኩሪው በብርጭቆውና በዱቄቱ ተመጥጦ አልቋል፤ እኔ እንዲህ ያለውን አልጥልም፣ ጋዙ ለብቻው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሌላ ዕቃ የለምና።

የሚያንፀባርቅ ንጽሕና

መብራቱ ላይ ያለው ማኅተም ብዙ ጊዜ በአልኮል፣ አንዳንዴም በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ በእጃችሁ ያለው ስም የለሽ ብርጭቆ ነው። «54-765» የሚል ጽሑፍ ያለበት የፊሊፕስ ቱቦ ብዙ ይናገራል፦ 54 የኩባንያው የቀለም ቁጥር ነው፣ 7 ቀለም የማሳየት አቅሙ በሰባዎቹ ውስጥ እንዳለ፣ 65 ደግሞ 6500 ኬልቪን መሆኑን ያመለክታል። መጀመሪያ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጽሑፉን ሳትነኩ።

ነጭ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

የተጣለ ሲዲ ውሰዱና በጨለማ ክፍል ውስጥ የመብራቱን ነጸብራቅ በላዩ ላይ ተመልከቱ። የድሮው ሃሎፎስፌት ዱቄት የተቀባ ቱቦ ከቀይ እስከ ሰማያዊ የተንጣለለ ቀለም ሲያሳይ፣ 840 የተባለው ዘመናዊ ቱቦ የተነጣጠሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች ይሰጣል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ሶዲየም 589 ናኖሜትር ላይ ቢጫ ብቻ ነው፤ በእሱ ሥር ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ሹራብ አይለዩም።

ስብራትን በመጥረጊያ መጥረግ

የድሮ ቱቦዎች በአሥር ሚሊግራሞች የሚቆጠር ባዜቃ (ሜርኩሪ) ነበራቸው፣ የቅርቦቹ ከ5 ሚሊግራም በታች። ቱቦ ከተሰበረ መስኮት ከፍታችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ከክፍሉ ውጡ፣ ልጆችንም አስወጡ። ከዚያ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቡ፣ ብናኙን በፕላስተር አንሱ፣ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አኑሩ። መጥረጊያና ቫክዩም ባዜቃውን ይበትኑታል።

በፍሎረሰንት ስባሪ የተቆረጠ ቁስል አይድንም የሚለው ፍርሃት መነሻ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ዱቄት ቤሪሊየም ነበረበት። በማሳቹሴትስ ሴለም ከተማ የመብራት ፋብሪካ ሠራተኞች በሳንባ በሽታ ከተጠቁ በኋላ የአሜሪካ አምራቾች በ1949 እ.ኤ.አ. ተዉት። አሜሪካ ሆናችሁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ከዚያ በፊት የተሠራ ቱቦ ካገኛችሁ ለዕይታ ብቻ ይቀመጥ።

ለእንግዳ ማብራት፣ ማጥፋት፣ ማብራት

ፍሎረሰንትን የሚያረጀው ከሰዓቱ ይልቅ መነሳቱ ነው። ካበራችሁት ሩብ ሰዓት ይቆይ። ትልልቆቹ ደግሞ ትኩስ እያሉ አይነሱም፤ ሶዲየም ደቂቃ ያህል፣ ሜርኩሪ አምስት ያህል፣ ሜታል ሃላይድ እስከ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። በዚህ መሀል ማብሪያውን ደጋግሞ መምታት ትርፉ ኢግናይተር ማድከም ነው።

ብርቅዬውን ብቻ ማሳደድ

በአውሮፓ ኅብረት ከቲ12 የቀጠኑትን ቲ8ና ቲ5 ቱቦዎች አዲስ ለገበያ ማቅረብ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። ባዜቃን ለመቀነስ በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ሥር ያሉ አገሮችም በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ ለተራ መብራትነት የሚያገለግሉ ፍሎረሰንት ቱቦዎችን እስከ 2027 ከምርትና ከንግድ ለማስወጣት ተስማምተዋል። ጀማሪው ግን የ1950ዎቹን መብራት ሲፈልግ ሠፈሩ ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠጣውን ባለ 36 ዋት ያልፈዋል፤ ተራ ዕቃ ማንም ስለማያስቀምጠው ቶሎ የሚጠፋውም እሱ ነው። ከነካርቶኑ ግዙት፣ ስታርተርም ጨምሩበት። ለአንድ ቱቦ ኤስ10 የሚባለው ስታርተር፣ ሁለት ባለ 18 ዋት ቱቦዎች በአንድ ባለ 36 ዋት ባላስት ተከታትለው ለተገጠሙበት ግን ሁለት ኤስ2 ነው የሚያስፈልገው።