ግማሽ ቤት መብራት ሲጠፋ ችግሩን እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ የጠፋ መብራት ብዙ አያስጨንቅም። ሻማ ለኩሶ መጠበቅ ነው። ግራ የሚያጋባው ሳሎኑ በርቶ ኩሽናው ሲጨልም ነው። ወይም ዋናው ቤት በርቶ ሰርቪሱ ሲጠፋ።

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በየካ አባዶ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ብዙ ግቢ የሚሠራው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ይቆማል። ገንዘብ ሲገኝ ሰርቪስ ይጨመራል፣ ከዚያ ለተከራይ አንድ ክፍል ይቀጠላል። የመብራት ገመዱም አብሮ ይቀጠላል። ስለዚህ ችግሩ ከምሰሶው ጀምሮ እስከ አልጋው ራስጌ ሶኬት ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

1. ምን እንደጠፋ፣ ምን እንደበራ ለዩ

አንዳንድ ክፍሎች ድርግም ብለው ጠፍተው ሌላው እንደወትሮው ከበራ፣ ወይ ብሬከር ወርዷል ወይ አንድ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ገመድ) ጎድሏል። ወይም ወደዚያ ክፍል የሚሄደው ገመድ አንድ ቦታ ላይ ለቋል።

ሁሉም ነገር ከደከመ ቮልቴጁ ወርዷል ማለት ነው። በዓል ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድ ሲጥድ ይህ ብርቅ አይደለም። ኤልኢዲ አምፖል ግን ያታልላል፤ ቮልቴጁ ወርዶም ደህና ሊያበራ ይችላል። ምጣዱ ሳይግል ከቆየ፣ ፍሪጁ እያጓራ መነሳት ካቃተው እሱን እመኑ።

አንዱ ክፍል ደብዝዞ ሌላው ከወትሮው በላይ ቦግ ካለ ግን ምርመራው ይቅር። ቀጥታ ወደ ዋናው ማጥፊያ ሂዱና አውርዱት። ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

2. ጎረቤት ጠይቁ

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደረጃው ላይ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ወደ ሕንፃው የሚገቡት ሦስት ፌዞች ለየቤቱ ስለሚከፋፈሉ፣ የእናንተ ጠፍቶ ፊት ለፊት ያለው ቢበራ አይግረማችሁ። ሌሎች ቤቶችም አብረው ከጠፉ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ ወደ መብራት ኃይል፣ 905 ደውሉ። ስትደውሉ «መብራት የለም» ብቻ አትበሉ። «ከፊሉ ቤት ጠፍቷል፣ ከፊሉ በርቷል» በሉ። ሠራተኛው ምን ይዞ እንደሚመጣ በዚያ ይለያል።

3. ብሬከሩን ሞክሩ

የወረደ ብሬከር ሁልጊዜ የወረደ አይመስልም፤ አንዳንዱ መሃል ላይ ይቆማል። መጀመሪያ እስከ ታች አውርዱት፣ ከዚያ ወደ ላይ መልሱት። ከዚያ በፊት ግን በዚያ መስመር ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ምንም ሳይሰካ ተመልሶ ከወደቀ ገመዱ ውስጥ ኮንታክት አለ፣ ማለትም ገመዶቹ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፤ እየደጋገማችሁ አትሞክሩ። ከቆመላችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰኩ። የጣለው ዕቃ ራሱን ያጋልጣል።

«ብሬከሩ ስለሚወድቅ ትልቅ ልግጠምበት» የሚል ባለሙያ ከመጣ በሩን አሳዩት። ብሬከሩ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ገመዱ ሳይቀየር ብሬከሩ ብቻ ካደገ ቀጥሎ የሚቃጠለው ገመዱ ይሆናል።

4. ኒውትራሉን ጠርጥሩ

ብሬከሩ ደህና ነው፣ ሶኬቱ ግን አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጤነኛ ሶኬት ላይ ቴስተር (ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራው ካቻቢቴ) በአንዱ ቀዳዳ ይበራል፣ በሌላው አይበራም። የሚበራበት ፌዝ ነው፣ የማይበራበት ኒውትራል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ገመድ። በሁለቱም ካልበራ ፌዙ አልደረሰም፤ ገመዱ ከብሬከሩ በኋላ የሆነ ቦታ ለቋል።

በሁለቱም ከበራስ? «ሁለት ፌዝ ገባ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ኒውትራሉ ተቆርጦ ነው። ፌዙ በተሰካ ዕቃ ወይም ማብሪያው በተከፈተ አምፖል በኩል ያልፍና ኒውትራሉ ገመድ ላይ ይመጣል፤ መመለሻ ስላጣ እዚያው ይቆማል። ለማረጋገጥ በዚያ መስመር ያለውን ዕቃ ሁሉ ንቀሉ፣ የአምፖሎቹንም ማብሪያ ዝጉ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ቴስተሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ኒውትራል ነው። አምፖሉ አይበራም፣ ቴሌቪዥኑ አይነሳም፣ ገመዱ ላይ ግን የሚገድል ኤሌክትሪክ አለ። «መብራት እኮ የለም» ብሎ እጅ መስደድ ሰው የሚያስቀጥፈው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ ቦግታው ልመለስ። በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ ወደ 380። ትሪ ፌዝ (ሦስቱም ፌዝ) በገባበት ግቢ፣ ወይም በመንገዱ መስመር ላይ፣ ኒውትራሉ ሲበጠስ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች ያንን 380 ይከፋፈሉታል። ክፍፍሉ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ የሚስበው ምጣድ ትንሽ ቮልቴጅ ይደርሰዋል፣ ትንሽ የሚስበው ቴሌቪዥንና ቻርጀር ትልቁን ይቀበላሉ። ቤታችሁ ሲንግል ፌዝ ቢሆንም የጎረቤት ምጣድ የእናንተን ቴሌቪዥን ሊያቃጥል ይችላል።

የገበያው ርካሽ ቴስተር ስንት ቮልት እንዳለ አይነግርም፤ ደካማ ቮልቴጅም ያበራዋል። ለቤት መልቲሜትር (ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) መግዛት ያዋጣል። ተለዋዋጭ ቮልት (AC) ላይ አድርጋችሁ፣ ከ400 በላይ በሚያነብ መደብ፣ ሁለቱን ቀዳዳ ለኩ። 150 ወይም 300 ካነበበ ዋናውን ማጥፊያ አውርዱ።

5. መገጣጠሚያዎቹን እዩ

ዋናው ማጥፊያ ወርዶ፣ በቴስተር ተረጋግጦ፣ እጅና ወለል ደርቆ። በዚህ አልደራደርም።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሃል ገመዱ ላይ ሳይሆን ሁለት ገመድ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሰርቪሱ ከዋናው ቤት የተቀጠለበትን ሳጥን ክፈቱ። የጠቆረ ፕላስቲክ፣ የተቃጠለ ሽታ፣ ሲነኩት የሚወዛወዝ ገመድ ፈልጉ። ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ ፈትታችሁ ጫፉን አዲስ ላጡ፣ በሞርሴቶ (በብሎን በሚያጠብቅ ማገናኛ) ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በቀለጠ መገጣጠሚያ ላይ ሌላ ናስትሮ መደረብ ሽታውን ለጥቂት ቀን መደበቅ ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ከተጠማዘዙ ደግሞ እርጥበት ሲገባ ይበላሻሉ፤ ክረምት ላይ «ዝናብ ሲመጣ ብቻ ይጠፋል» የሚባለው ግማሹ ይሄ ነው። ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ ይፈልጋሉ።

ቆጣሪውና ከቆጣሪው እስከ ምሰሶው ያለው የእናንተ ሥራ አይደለም። ማኅተሙን አትንኩ፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ፌዝ የሚያዞርላችሁ የሰፈር ልጅም አትጥሩ።

እስኪሠራ ድረስ ከበራው ክፍል በዲቫይደር ወደ ኩሽና መሳብ የተለመደ ነው። ለአምፖልና ለስልክ ይሁን። ለምጣድ ግን በፍጹም። አከራያችን «አንዴ ጋግሬ እነቅለዋለሁ» ብለው ሞክረውት ዲቫይደሩ ከነመሰኪያው ቀልጦ ቀረ። 3500 ዋት ያለው ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ቀጭን የዲቫይደር ገመድ ያንን አይችልም።

6. ሲመለስ

ዋናውን ማጥፊያ ከማንሳታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁንና ቻርጀሩን ንቀሉ። አንስታችሁ ቮልቴጁን ለኩ። 220 አካባቢ ከሆነ አምፖል አብሩ፣ ከዚያ ምጣዱን ሰክታችሁ እንደገና ለኩ። ምጣዱ ሲሰካ ቮልቴጁ ክፉኛ ከወደቀ ወይም በሌላው ክፍል ከፍ ካለ መገጣጠሚያው አልጠበቀም፤ ወደ አምስተኛው ተመለሱ። ካልተንቀሳቀሰ ሌሎቹን ሰኩ፣ ፍሪጁን ግን ትንሽ ደቂቃ አቆዩትና መጨረሻ ላይ።