በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ በጀርባ በሚሰጥ ሞርፊን ዙሪያ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሐዋሳ ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ሕሙማን ሞርፊን የተባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ በመርፌ ሊሰጣቸው እንደሚችል ሲሰሙ፣ በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ከሚሰጠው የወገብ መርፌ ጋር ቢያመሳስሉት አይገርምም። የወሊዱ መርፌ እግርን ለሰዓታት የሚያደነዝዝ መድኃኒት አለው፤ ብቻውን የሚሰጥ ጥቂት ሞርፊን ግን ሕመምን እንጂ የእግርን ጉልበት አይነካም። ስለዚህ ሕመምተኛው ነቅቶ እግሩ ከዛለ ወይም ጀርባውን አዲስ ሕመም ከያዘው፣ «መርፌው ገና አለቀቀውም» ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን በብዛት ስለሚሰጥ፣ እምብዛም ባይከሰትም፣ በተወጋው ቦታ ደም ተጠራቅሞ ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰበት ደግሞ ሽባነትን ያስከትላል። መርፌው ከሄፓሪኑ ቢያንስ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

በዚሁ ምክንያት እንደ ዋርፋሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ያለ የደም ማቅጠኛ መውሰድን ለሰመመን ባለሙያው ሳይናገሩ መቅረት ሌላው ስህተት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን እንቅልፍን እንደ ማገገም መቁጠር ይመስለኛል። ሞርፊን በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ስለሚወጣ፣ ሕመሙን እስከ 24 ሰዓት የሚያስታግሰውን ያህል አደጋውም ይዘገያል። የትንፋሽ መዳከም በአብዛኛው መርፌው ከተሰጠ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት በኋላ ይመጣል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው፣ የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣለት በኋላ፣ ጠያቂው ሁሉ ሲሰናበት ገና ከስጋት አልወጣም ማለት ነው። ሲጠሩት በቅጡ የማይመልስ፣ በደቂቃ ከ10 ጊዜ በታች የሚተነፍስ ሕመምተኛ «ደክሞት ነው፣ ተዉት» የሚባል አይደለም፤ ነርሷ ወዲያው መጠራት አለባት፣ ማርከሻው ናሎክሶንም አለ። በጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ጥሩ ቁጥር ማሳየቱም አያዘናጋ፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ሰው ትንፋሹ እየደከመም ቁጥሩ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላልና። ስለሆነም ትንፋሹንና ንቃቱን በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ መከታተል ይመከራል።

ማሳከክ የሞርፊኑ የተለመደ ጠባይ ስለሆነ አለርጂ ነው ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ሆኖም በራስ ፈቃድ የሚያስተኛ የአለርጂ ክኒን መውሰድ፣ ትራማዶል እንደተባለው የሕመም ማስታገሻና እንደ እንቅልፍ ክኒን ሁሉ፣ የትንፋሹን ድካም ያባብሳል። ሐዋሳ ከተመለሱ በኋላም ደረት ሲያም ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ገዝቶ ከዋርፋሪን ጋር መዋጥ ለከባድ መድማት ያጋልጣል፤ ሐኪሙ ካልከለከለ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይሻላል።