የጾም የሩዝ ጣፋጭ ድንጋይ ሲሆንባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። ደዋዩ ይለያይ እንጂ ወሬው አንድ ነው፦ «ድንጋይ ሆነብኝ።» እዚህ አዳማ የፈነዳ ሩዝ በስኳር ሽሮፕና በለውዝ ቅቤ አያይዤ፣ ትሪ ላይ ጠፍጥፌና ቆራርጬ ለሱቆች ማስረከብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ብልሽት ያላየሁበት ጾም የለም። መጀመሪያ በራሴ ትሪ አየሁት፣ ቀጥሎ በሰው። ስለዚህ ስለ እሱ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፣ ሌላውን አሳጥሬ አልፋለሁ። ድስት በደንብ ማጠብና የነቀዘ ሩዝ መልቀም የምታውቁት ነው።

መጠኔ ይህ ነው፦ 6 ኩባያ የፈነዳ ሩዝ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ ሲሶ ኩባያ ግሉኮስ (የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ ያለው ወፍራሙ ፈሳሽ)፣ ሩብ ኩባያ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንጥጫ ጨው።

ሲነከስ ድንጋይ ነው

ጥፋቱ የሩዙ አይደለም፣ የለውዝ ቅቤውም አይደለም። ሽሮፑ ከልክ በላይ በስሏል። ሽሮፕ ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ የቀረው ስኳር ይከብዳል፤ ሙቀቱ የሚነግረን ውስጡ ስንት ውሃ እንደቀረ ነው። ከውጭ የመጣው አሠራር ሁሉ «ከ112 እስከ 116 ዲግሪ» ይላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለሚያበስል ሰው ልክ ነው፤ እዚያ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዳማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ የኛ ውሃ በ94 ወይም በ95 ይፈላል። ሽሮፑም እንደዚያው በዝቅተኛ ዲግሪ ይደርሳል። እዚህ ሆናችሁ 116ን ስትጠብቁ የጅቡቲውን 121 አልፋችኋል። ያ የደረቅ ከረሜላ መንገድ ነው።

መፍትሄው፦ ቴርሞሜትሩን ሽሮፕ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ያዙት፣ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ። ያሳየውን ቁጥር ከ100 ቀንሱ። 94 ካለ ልዩነቱ 6 ነው፤ ያንን 6 አሠራሩ ከሚለው ቁጥር ላይ አንሱ። እኔ 115 የሚለውን 109 ላይ አወርዳለሁ። ድስቱ ወፍራም ከሆነ ደግሞ 108 ላይ፣ ከእሳት ወርዶም ማብሰሉን አይተውምና። ሐዋሳ ያላችሁም ያው ናችሁ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ 92 ገደማ ታያለች፣ እሷ 8 ትቀንሳለች።

አንዲት ደንበኛዬ «የኔ ውሃ 99 ላይ ነው የሚፈላው» ብላ ተከራከረችኝ። የአዳማ ውሃ 99 አይደርስም፤ ቴርሞሜትሩ ውሸታም ነው። ከመንገድ ዳር የሚሸጠው ርካሹ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ አንዳንዱ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ይዋሻል። ግን ልብ በሉ፦ 99 ካሳየ 1 ብቻ ትቀንሳለች፣ ሥራዋም ልክ ይመጣል። የከፍታውም የዕቃውም ስህተት በአንድ ቅነሳ ይስተካከላል። ለዚህ ነው ከፍታውን ከመጽሐፍ ፈልጋችሁ አታስሉ፣ የራሳችሁን ውሃ አፍሉ የምለው። ደግሞ ሁልጊዜ አፍሉት፤ የኔው አንድ ቀን ወድቆ በ4 ዲግሪ ተዛብቶ ሁለት ትሪ አበላሽቶብኛል።

ቴርሞሜትር የሌላችሁ ጠብታውን በቀዝቃዛ ውሃ ትሞክራላችሁ። ደግ። ግን ቀዝቃዛ ማለት ቀዝቃዛ ነው! የአዳማ ቤት ውሃ ጣራ ላይ ካለ ታንከር ነው የሚወርደው፤ በቀትር ቧንቧ ስትከፍቱ ለብ ያለ ይመጣል። ጠብታው እዚያ ውስጥ ስለማይረጋ «ገና ነው» ትላላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ጎረቤቴ ለማኅበር 40 ቁራሽ ሠርታ የተበላሸባት በዚህ ነው። ደውላ «ቢላ አይቆርጠውም፣ መጥረቢያ አላችሁ?» አለችኝ። ስሄድ አንዲት እማማ አንዱን ቁራሽ እንደ ከረሜላ በጉንጫቸው ይዘው ይመጠምጡታል፤ «ይጣፍጣል ልጄ» ይሏታል ለይሉኝታ፣ ለመንከስ ግን አልደፈሩም። ውሃውን ከፍሪጅ አውጡ፤ መብራት ጠፍቶ ከከረመ ሌሊት ደጅ ያደረ የእንስራ ውሃ ይሻላል። ጠብታው በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ እንክብል ሆኖ፣ ከውሃው ወጥቶ ሲጫኑት ጠፍጠፍ ካለ አውርዱ። ጠጥሮ ሸክላው ላይ ኳ ካለ አልፏል።

የጠነከረው ሽሮፕ ገና ድስት ውስጥ ካለ ይድናል፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ከሩቅ ጨምሩ (ይተፋል፣ ፊታችሁን አርቁ)፣ አሟሙታችሁ እንደገና ለኩ። ሩዙ ከገባበት በኋላ ግን ውሃ ብትጨምሩ ገንፎ ነው የምታገኙት። የጠነከረውን እንዳለ ሰባብራችሁ ከለውዝ ጋር እንደ ቆሎ ቀላቅሉት።

ሽሮፑ ልክ ሆኖም የሚደርቅባችሁ ከሆነ እጃችሁን ተመልከቱ። ትሪ ላይ ሲገለበጥ እንደ ዳጉሳ ቂጣ የሚደቁሱት አሉ። አንዱ በዘነዘና ሲጠቀጥቅ አይቼ ዝም ማለት አቅቶኛል። ሩዙ ባዶ ነው፣ ጥርስ ስር ኮርሸም የሚለውም ውስጡ አየር ስላለው ነው። ዘይት በነካ መዳፍ ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ደረጃውን ካስተካከላችሁ ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሚፈላ ሽሮፕ ሙቀቱ ከፈላ ውሃ ይበልጣል፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ማማሰያውን አትላሱ። ልጅ ከሥሩ አታስቀምጡ። በከሰል ምድጃ የምትሠሩ፣ የሚወላገድ ድስት አትጣዱ። ካቃጠላችሁ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ 20 ደቂቃ ያዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል አትቀቡ፤ ስንት ሰው በሊጥ ቁስሉን አባብሶ መጣ መሰላችሁ።

ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ ሆነ

ወይ ሲፈላ አማሰላችሁት፣ ወይ ግሉኮሱን ሰስታችሁ ተዋችሁት። ድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረች አንዲት ፍሬ ስኳር ወድቃ ሌላውን ሁሉ ትጠራለች። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉ፣ ከፈላ በኋላ እጅ አንሱ፣ ግድግዳውን በረጠበ ብሩሽ ጥረጉ። ግሉኮስ ያጣ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ጨምሮ በዝግታ ያፍላው፤ አሲዱ የስኳሩን ከፊል ስለሚፈታው መልሶ ለመርጋት ይቸገራል። አሸዋ የሆነውን በውሃ አሟሙታችሁ ከአዲስ ጀምሩ፤ ከሩዝ ጋር ካልገባ የሚጣል ነገር የለም። የወንጂ ጎረቤት ነን ብለን ስኳር እንደ አፈር አንበትን።

ሩዙ ለዘበ

ክፍት ያደረ ሩዝ ነው፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ። ከመቀላቀሉ በፊት በዘገምተኛ እሳት ምጣድ ላይ ወይም ኦቭን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ቀዝቅዞ ኮሽ ካለ ደረሰ። «ስኳር አልፈልግም» ብላችሁ በቴምር ድቁስ የምታያይዙ፣ ቴምሩ ውሃ አለው፤ በዚያው ቀን ብሉት ወይም አትሠሩት። ሩዝ ቤት የምታፈነዱ፣ ቀቅላችሁ በደንብ አድርቁትና በጣም የጋለ ዘይት ውስጥ ጨምሩት። ወዲያው ካልተንሳፈፈ ዘይቱ አልጋለም።

የጾም ያልሆነ የጾም

ይሄ ያናድደኛል። ማርሽሜሎ (እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰውን ከረሜላ) ገዝቶ «ወተት የለውም፣ ጾም ነው» የሚል አለ። ማርሽሜሎው የሚረጋው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። የገበታ ቅቤም ሁሉ ጾም አይደለም፣ ወተት የገባበት አለ፤ ጀርባውን አንብቡ። ማር ብዙ ጿሚ ይበላል፣ ቪጋን ነኝ (ከእንስሳ የመጣ ምንም አልበላም) ለሚላችሁ ሰው ግን አታቅርቡ። ለውዝ የማይስማማው መኖሩንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቆርጣችሁት ይበታተናል

ሽሮፑ ቀድሞ ወርዷል ወይም ሩዙ በዝቷል። በሚቀጥለው አንድ ኩባያ ሩዝ ቀንሱ።

ከሰዓት በኋላ ይቀልጣል

ከውጭው አሠራር የኮኮናት ዘይት ገልብጣችኋል። በ24 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ዘይት የአዳማን ቀትር አይችልም፤ ሲያያይዝ የነበረው ራሱ ፈሳሽ ይሆናል። በተፈላ ሽሮፕ አያይዙ። ላዩን ቸኮሌት የቀባችሁ በጠዋት አድርሱ፤ እኔ አንዴ ስምንት ሰዓት ላይ በባጃጅ ልኬ ደንበኛዋ ከላስቲኩ ላይ በማንኪያ ነው የጠረገችው።