ባለሀብቱን ባለቤት ማድረግ፦ ለአየር ውድድር ገንዘብ በሐዋሳ እንዴት ይገኛል

«ስፖንሰር ይሁኑን» የሚል ደብዳቤ ይዞ የባለሀብት ቢሮ የሚያንኳኳ ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ለባነርና ለቲሸርት የሚበቃ ገንዘብ ነው። ባነሩ ከወረደ በኋላ በዓመቱ ልመናው እንደ አዲስ ይጀመራል። የአየር ውድድርን በዓለም ላይ ያቆየው ሌላ ዓይነት ገንዘብ ነው፤ ዕቃ የሚወድ ሰው ገንዘብ። የድሮ ቮልስዋገኑን ሸራ አልብሶ ጋራዥ የሚያሳድር፣ የማርትሬዛ ብርና አሮጌ ሰዓት የሚያጠራቅም ሰው በየከተማው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ሰው ለሰው ውድድር ሲለምኑት ኪሱ ይጠብቃል፣ ለራሱ ዕቃ ሲሆን ግን እጁ አይታጠፍም። በስሙ የተመዘገበ፣ በመረጠው ቀለም የተቀባ፣ ሲያሸንፍ «የእሱ አሸነፈ» የሚባልለት አውሮፕላን ይኑረው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

በየትኛው አውሮፕላን?

ኔቫዳ ውስጥ በሪኖ ከተማ ከ1964 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሲካሄድ የኖረው ውድድር ዝነኞቹ ፒ-51 ሙስታንጎች ነበሩ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች፣ ዛሬ ደህና የተጠበቀው አንዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ። ከዚያ ወረድ ሲል ፎርሙላ ዋን የሚባለው ምድብ አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮንቲኔንታል ኦ-200 ሞተር የሚጠቀሙ ባለ አንድ መቀመጫ ትንንሽ አውሮፕላኖች። ሁለቱም ፈቃድ ያለው አብራሪ፣ ሜዳና የተዘጋ የአየር ክልል ይፈልጋሉ። ሐዋሳ ላይ ከዚያ የሚጀምር ኮሚቴ የመጀመሪያውን ዓመት በደብዳቤ መጻጻፍ ይጨርሰዋል።

የሚቻለው መነሻ በሬዲዮ የሚነዳ የሞዴል አውሮፕላን የምሰሶ ውድድር ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ3ዲ የሚለው ምድብ ሕጉ የተዘጋጀ ስለሆነ የምትፈጥሩት ነገር የለም። ሦስት ምሰሶ ተተክሎ ጠባብ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ሁለቱ ምሰሶዎች 40 ሜትር ይራራቃሉ፣ ሦስተኛው 180 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ አንድ ዙር 400 ሜትር ተብሎ 10 ዙር 4 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ምሰሶ በውስጥ በኩል የቆረጠ ጊዜው ላይ አንድ አስረኛ ይጨመርበታል፤ ሁለት ጊዜ የቆረጠ የዚያ ፉክክር ውጤቱ ይበላሻል።

ዋናው ኤፍ3ዲ በሚታኖል የሚሠራ 6.6 ሲሲ ሞተር ይዞ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይከንፋል። ይህን ለጀማሪ አትስጡ። ሜዳውንና ሕጉን ወስዳችሁ አውሮፕላኑን ቀይሩት፦ ከአረፋ የተሠራ፣ ክንፉ 1 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ያነሰ፣ በኤሌክትሪክ ሞተርና ባለ 3 ሴል 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የሚሄድ። ሞተሩ፣ ባትሪውና ፕሮፔለሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ሞተር መምረጥ ከተፈቀደ በሁለተኛው ውድድር ኪሱ የጠለቀው ያሸንፋል፣ በሦስተኛው ሌሎቹ ስልክ አያነሱም። ፉክክሩ በቀለም፣ በአብራሪና በጥገና ላይ ይቅር።

ቀለሙን አትናቁት። ለሰብሳቢ ሰው ታሪክ ያለው መልክ ከፍጥነት ይበልጣል፣ አገራችን ደግሞ ታሪኩ አላት። በ1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰችው አውሮፕላን ፖቴዝ 25፣ በ1928 ዓ.ም. እዚሁ ተሠርታ ጣሊያን ከተወሰደች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው «ፀሐይ»፣ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ሳብ 17 እና ፋየርፍላይ። የ«ፀሐይ»ን መልክ ለመያዝ ሁለት ባለቤቶች መጣላታቸው ስለማይቀር በዕጣ ስጡት፤ ጨረታ ካደረጋችሁት የተሸነፈው ይኮርፋል።

ፈቃዱ ከገንዘቡ ይቅደም

በራሪ ዕቃ ወደ አገር ማስገባትና ማብረር ያለፈቃድ አይሞከርም። ድሮንን የሚመለከተው ሥርዓት እናንተንም እንደሚመለከት ቆጥራችሁ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የክልሉን ስፖርት መሥሪያ ቤትና የከተማውን ፖሊስም አሳውቁ። ደብዳቤው ላይ የሜዳው ቦታ፣ ከአየር ማረፊያው ያለው ርቀት፣ ከፍተኛው የበረራ ከፍታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የአውሮፕላኖቹ ክብደት ይጻፍ፤ ካሜራ እንደማይጫንም በግልጽ ይነገር። መልስ ሳይመጣ አንድ ሞተር እንኳ አትዘዙ። ዕቃው ጉምሩክ ላይ ተያዘ ማለት የባለሀብቱ የመጀመሪያ ገንዘብ ታሰረ ማለት ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አይሰጥም።

ማንን፣ እንዴት ማነጋገር

ዘጠኝ ባለቤት ፈልጉ። በአንድ ጊዜ ሦስት አውሮፕላን ስለሚበር ዘጠኙ በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አራት ጊዜ ሲበር 12 ፉክክር ይሆናል። ከስድስት ካነሱ አንድ ሰው ሲቀር ውድድሩ ይፈርሳል።

ዘጠኙ ከአንድ ሙያ አይሁኑ። ሁሉም ቡና ላኪ ከሆኑ ገበያው በተበላሸበት ዓመት ሁሉም አንድ ላይ ይወጣሉ። ሁለት ቡና ላኪ፣ ሁለት ባለሆቴል፣ አንድ ተቋራጭ፣ አንድ አስመጪ፣ ውጭ አገር ኖሮ የተመለሰ አንድ ሰው እያላችሁ አዋጡ። ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሴት ባለሀብት ይግቡበት፤ የአየር ውድድርን በገንዘባቸው ከደገፉት አንዷ ሴት መሆኗን ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ያለ አስተዋዋቂ አትሂዱ። ባለሀብቱ የሚያከብረው አንድ ሰው፣ የድሮ አስተማሪው ይሁን የዕቁብ ጓደኛው፣ ስልክ ደውሎ «ልጆቹን ስማልኝ» ይበልላችሁ። ስትገቡ ቁጥራችሁ ከሦስት አይብለጥ። አነጋገር በ«እርስዎ» ነው፤ ጠና ያሉትን «ጋሼ»፣ «እትዬ» ማለት ያባት ነው። ወረቀቱን አታስቀድሙ። አንድ የተቀባ አውሮፕላን ይዛችሁ ግቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ዝም በሉ። እጁን ሰዶ ካነሳው፣ ክንፉን ካገላበጠ፣ ሰው ጠርቶ ካሳየ ሰውየው ሰብሳቢ ነው። ሳይነካው «ስንት ነው የምትፈልጉት?» ካለ ደግሞ የባነር ሰው ነውና አመስግናችሁ ለባነር ዝርዝር መዝግቡት።

የገንዘቡ አያያዝ

አዳራሽ ተከራይቶ፣ እራት ጋብዞ፣ ማይክ ይዞ ቃል ማስገባት የለመድነው መንገድ ነው። ጭብጨባው ደምቆ ገንዘቡ የሚጠፋበት መንገድም እሱው ነው፤ በሰው ፊት የተጠራ ቁጥር በይሉኝታ የተጠራ ነው፣ በማግስቱ ይቀዘቅዛል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ውል፣ ቀጥሎ ባንክ፣ መጨረሻ ላይ እራት። እራቱ ላይ የሚጠራው ከፍሎ የጨረሰ ሰው ስም ብቻ ይሁን። ያልከፈለው እዚያው ተቀምጦ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ከደብዳቤ የበለጠ ይሠራበታል።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ ግን እነዚህ አይቅሩበት፦ አውሮፕላኑ የባለቤቱ ንብረት እንደሆነ፤ ከውድድር ውጭ የት እንደሚቀመጥ፤ የመጀመሪያው ስብራት ውድድሩን ከሚያዘጋጀው ማኅበር ካዝና፣ ሁለተኛው ከባለቤቱ እንደሚጠገን፤ ድርሻውን መሸጥ ሲፈልግ መጀመሪያ ለማኅበሩ እንደሚያቀርብ፤ ስሙ የት የት እንደሚጻፍ። የስብራቱን አንቀጽ የዘለለ ኮሚቴ የመጀመሪያው ግጭት ላይ ይጨቃጨቃል፤ ሦስት አውሮፕላን አንድ ምሰሶ ሲዞር ግጭት አይቀርም።

ክፍያው 50፣ 30፣ 20 በመቶ ተብሎ በሦስት ይከፈል፦ ሲፈርም፣ ዕቃው ሐዋሳ ሲደርስ፣ የልምምዱ ቀን። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ ላይ አዋቂ ባለሀብት ብር አያስገባም፣ አለማስገባቱም ልክ ነው። ከገባው 100 ብር 45ቱን ለአውሮፕላንና መለዋወጫ፣ 20ውን ለሜዳ፣ ለደህንነትና ለመድን፣ 15ቱን ለዋንጫና መስተንግዶ፣ ቀሪውን 20 ለመጠባበቂያ መድቡ። ዕቃው በዶላር ስለሚገዛ፣ ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በጥር የተቀበላችሁት ፕሮፎርማ በመጋቢት ላያገለግል ይችላል።

ለእያንዳንዱ ባለቤት ሁለት የተገጠመና አንድ ሳጥን ውስጥ ያለ አውሮፕላን፣ 6 ባትሪ፣ 12 ፕሮፔለር፣ 4 ትርፍ ሰርቮ (የአውሮፕላኑን መሪዎች የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ያስፈልጋል። ባትሪው ስድስት የሆነው አራት ፉክክርና ፍጻሜ ሲደመሩ አምስት በረራ ስለሆኑ ነው፤ ስድስት ካለ ሜዳ ላይ ቻርጅ ማድረግ አይኖርም።

አንድ ኪስ ላይ መንጠልጠል

ፈረንሳዊው ዣክ ሽናይደር ለባሕር አውሮፕላኖች ያቀረበው ዋንጫ በ1913 እ.ኤ.አ. ሞናኮ ላይ ተጀመረ። ሕጉ በአምስት ዓመት ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ዋንጫውን ለዘለዓለም ይውሰድ ይል ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ አልሰጥም ሲል ሌዲ ሉሲ ሂውስተን የተባሉ ባለጸጋ 100,000 ፓውንድ ከኪሳቸው አወጡ፤ ሱፐርማሪን ኤስ.6ቢ ያለተቀናቃኝ በርሮ አሸነፈ፣ ዋንጫው ለንደን ቀረ፣ ውድድሩም በዚያው አበቃ። ሬድ ቡል ያካሂደው የነበረው ተከታታይ ውድድር ደግሞ ኩባንያው ይብቃኝ ሲል በ2019 እ.ኤ.አ. ቆመ።

ለሐዋሳ የሚሆነው ሕግ ከዚህ ይወጣል። ዋንጫው ተዟዟሪ ይሁን፣ ማንም ለዘለዓለም አይውሰደው፤ ያሸነፈው ባለቤት ስም ይቀረጽበትና ትንሽ ቅጂ ይሰጠው። አንድ ባለሀብት ከጠቅላላው ገንዘብ ከሩብ በላይ አይስጥ። እኔ ብቻዬን ልሸፍነው የሚል ደግ ሰው ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ የተረፈውን ለሜዳው ዝግጅት አድርጉና መድረኩን በስሙ ሰይሙለት።

ባለቤቱን የሚያስፈራው

የመጀመሪያው የዕቃው ዋጋ መውረድ ነው። ሪኖ ላይ ለድል ይሮጥ የነበረ ሙስታንግ ክንፉ ይቆረጥ ነበር፣ ለጦርነት በ61 ኢንች ግፊት አየር እንዲገባበት የተሠራው የመርሊን ሞተርም ከ100 ኢንች በላይ ይገፋ ነበር። ሞተሩ ሲፈነዳ የሚጠፋው ገንዘብም፣ ተቆርጦ የተበላሸው ኦሪጅናል መልክም ብዙ ሰብሳቢዎችን ከውድድር አርቋቸዋል። እናንተ ጋ ባለቤቱ ከሦስቱ አንዱን አውሮፕላን ለማሳያ ያስቀር፤ የሚሰበረው ሌላው ይሁን።

ሁለተኛው የሰው ጉዳት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ሪኖ ላይ ጋሎፒንግ ጎስት የተባለው ሙስታንግ ተከስክሶ አብራሪውን ጨምሮ 11 ሰው ሞተ። ምርመራው ደጋግመው ያገለገሉ የመቆለፊያ ለውዞች አርጅተው የጭራው ትሪም ታብ (አውሮፕላኑን የምታስተካክል ትንሽ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ) ብሎኖች መላላታቸውን አገኘ። የእናንተ አውሮፕላን ከ1 ኪሎ ቢያንስም ለውዙን በየውድድሩ ቀይሩ፣ ሬዲዮው ሲቋረጥ ሞተሩ መጥፋቱን ከየበረራው በፊት ፈትኑ። ተመልካች በአንድ ወገን ብቻ፣ ከበረራው መስመር ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ከመታጠፊያው ምሰሶ ውጭ በኩል ማንም አይኑር፣ ምክንያቱም መቆጣጠሪያ ያጣ አውሮፕላን የሚወረወረው ወደ ውጭ ነው። የባለቤቶቹ ድንኳንም ከዚህ አይቀርብም፣ ማንም ቢለምን። አብራሪዎችና የምሰሶ ዳኞች የራስ ቁር ያድርጉ።

ቀኑና ሜዳው

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ 27 ዲግሪ ሲሞቅ እፍጋቱ ከባሕር ዳርቻው መደበኛ ልክ 22 በመቶ ያህል ያንሳል። ፕሮፔለሩ የሚይዘው አየር ስለሚቀንስ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ መጠን ይቻላል፣ ግን በዋት መለኪያ ለክታችሁ የሞተሩን ልክ እንዳያልፍ አረጋግጡ። ማረፊያ ፍጥነቱ በ13 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በቆላ የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ የተለማመደ ልጅ ሲያሳርፍ የሚሰብረው ለዚህ ነው። የማረፊያውን ሜዳ አርዝሙለት።

ሜዳው ሐይቁ ዳር አይሁን። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሳ ያለበት ሁሉ አባ ኮዳ አለ፤ ክንፉ ሁለት ሜትር ተኩል የሚዘረጋ ወፍ ምሰሶ አይቆጥርም። ከከተማ ወጣ ያለ፣ አዝመራ የተነሳበት መሬት ከባለይዞታዎቹ ጋር በጽሑፍ ተስማምታችሁ ያዙ። ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል፣ ታኅሣሥ 19ን ግን ራቁ፤ ለገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ ሰው ስለሚመጣ ለእንግዳ አልጋ አይገኝም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:30 እስከ 4:30፤ ፀሐይ ስትበረታ አየሩ ይናወጣል። ባትሪ መኪና ውስጥ ለፀሐይ አትተዉ፣ ያበጠውን ለይታችሁ አስወግዱ፣ ለማቆያ በሴል 3.8 ቮልት ይሁን። ምግብ ላይ የጾም ይኑር። ዓሳ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለጠረጴዛው ተዉት፣ ሽሮ ብቻ አይጉደል።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኝ የተያያዘበት ሒሳብ ለእያንዳንዱ ባለቤት በእጁ ይድረስ። የተሰባበሩትን ክፍሎች አትጣሉ፤ በየባለቤቱ ስም ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። «የኔ ምን ሆኖ ነው የተሸነፈው?» ብሎ የማይጠይቅ የለም፤ ሲጠይቅ የተሰነጠቀውን ፕሮፔለር አውጥታችሁ በየት በኩል እንደሄደ በጣታችሁ ታሳዩታላችሁ።