የጡት ካንሰር ወደ አንጎል ሽፋን ሲዛመት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ፈሳሽ ይዘዋወራል። የጡት ካንሰር ሕዋሳት አንዴ እዚያ ከገቡ ፈሳሹ የሚደርስበት ሁሉ መድረስ ይችላሉ። የምልክቶቹ መበታተን ከዚህ የመጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት እያንዳንዱን ምልክት ለየብቻ ማከም ነው። ጠዋት ጠዋት የሚብሰው ራስ ምታት በጭንቀት ይሳበባል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ መነጽር ይታዘዛል፤ የአገጭ መደንዘዝ ወደ ጥርስ ሐኪም፣ የእግር መዛል ወደ ወገብ ሐኪም ይወስዳል። ሁሉም በየሙያቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን አንድ ላይ ያያቸው የለም። ምልክቶቹን ከጀመሩበት ቀን ጋር በአንድ ወረቀት ጽፈው ለካንሰር ሐኪምዎ ያሳዩ። የአገጩን መደንዘዝ እንኳ አይተዉት።

በሲቲ ስካን ውጤት ብቻ መረጋጋትም ያሳስታል። ተመራጩ የአንጎልና የመላው ህብለ ሰረሰር ኤምአርአይ፣ ያውም ምስሉን አጉልቶ በሚያሳይ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ማጉያ መድኃኒት የተነሣ ነው። ከተቻለ ፈሳሽ ከወገብ ከመቀዳቱ በፊት ይነሣ፤ መቅዳቱ ራሱ ሽፋኑ በምስሉ ላይ ጎልቶ እንዲታይና ካንሰር እንዲመስል ሊያደርግ ይችላል።

የተቀዳው ፈሳሽ «ካንሰር የለበትም» ሲባልስ? የመጀመሪያው ምርመራ በርካታ ታካሚዎችን ያመልጣል። ለሕዋስ ምርመራ ቢያንስ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ተቀድቶ ሳይዘገይ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ጥቂት ጠብታ ልኮ፣ ያውም ለሰዓታት አስቀምጦ፣ «ነጻ ነዎት» ማለት ለእኔ ምርመራ አይባልም። ጥርጣሬው ካልተነሣ ይደገም።

ሌላው በሽታውን እንደ አዲስ የአንጎል ካንሰር መቁጠር ነው። ሕዋሳቱ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ናቸው፤ ሕክምናውም የሚመረጠው በዓይነታቸው፣ ለምሳሌ ኸር-2 የተባለው ሕዋሳቱን የሚያሳድግ ፕሮቲን በብዛት መኖር አለመኖሩ ታይቶ ነው። ብዙ መድኃኒቶች በደም ሥር ሲሰጡ ወደዚህ ፈሳሽ በበቂ መጠን አይገቡም፤ ስለዚህ እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉት የካንሰር መድኃኒቶች በቀጥታ ወደ ፈሳሹ ሊሰጡ ይችላሉ። ጨረርም የሚያሠቃየውን ቦታ ለይቶ ያክማል።

በሽታው ከባድ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ያም ሆኖ የማስታገሻ ሕክምናን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት ስህተት ነው፤ ከመጀመሪያው ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ይሰጥ።

እግር በድንገት ከደከመ፣ ሽንት አልወርድ ካለ፣ ወይም ንግግርና ማስተዋል ከተዛባ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።