የልጆች ኪንታሮት፦ ምን አይነት ነው፣ ምን ይደረግ?

እኛ ኮዬ ፈጬ አካባቢ የልጅ እጅ ላይ ኪንታሮት ከታየ ምክሩ ብዙ ነው፣ በምላጭ ቁረጪው፣ በፈረስ ጭራ እሰሪው፣ የቁልቋል ወተት ጠብ አድርጊበት። እባካችሁ አታድርጉት። የቁልቋል ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ አይን ከገባ ደግሞ ከባድ ነው፣ ምላጩም አድምቶ ቫይረሱን ያዛምተዋል።

ጣቱ ላይ ሻካራ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው፦ ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፣ በትንሽ ጭረት ይገባል፣ ጥፍር የሚበላ ልጅ ላይ ደግሞ ጥፍሩን ይከባል። ጥቁሯ ነጥብ ስር አይደለችም፣ ደም የረጋባት ቀጭን የደም ስር ናት፣ በመርፌ አትቆፍሯት። ካላመመው መተውም ይቻላል፣ ብዙ ልጆች ላይ በ2 አመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። እናክመው ካላችሁ ፋርማሲ 17% ሳሊሲሊክ አሲድ ጠይቁ፣ እድሜውንም ንገሯቸው። ማታ ማታ እጁን ለብ ባለ ውሃ 5 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ውሃ በፈረቃ ለሆነብን አንድ ጆግ ይበቃል፣ ከዛ የለሰለሰውን ነጭ ቆዳ በጥፍር ሞረድ ቀስ እያላችሁ ፋቁት፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ቀብታችሁ መድሀኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጉና እስኪደርቅ እጁን ያዙት። ሞረዱን ሌላ ሰው አይጠቀምበት። ከቀላና ካመመው ጥቂት ቀን አሳርፉት። እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ አብዛኛው ሰው ግን ቶሎ ሰልችቶት ይተወዋል፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ውስጥ እግሩ ላይ ወጥቶ ሲራመድ ካመመው፦ ያው ኪንታሮት ነው፣ የሰውነት ክብደት ወደ ውስጥ ገፍቶት ነው። ከግራና ቀኝ ቆንጠጥ ስታደርጉት ካመመው ኪንታሮት የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ 40% ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ፕላስተር ይሻላል። በጋራ ሻወር ባዶ እግሩን አይግባ።

ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ከሆነ፦ ሞለስከም የሚባል ሌላ ቫይረስ ነው። አሲዱን አትቀቡት፣ አታፍርጡትም፣ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ከአመት በላይ ይቆያል።

12 ሳምንት ሞክራችሁ ካልተለወጠ፦ ቆዳ ሀኪም ጋ ሂዱ፣ አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ አንዱ አማራጭ ነው፣ በየ2 እና 3 ሳምንቱ ይደገማል፣ ግን ያማል፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ስለሚችል ለትንሽ ልጅ መጀመሪያ ባይሆን ጥሩ ነው።

ፊቱ ወይም ብልቱ አካባቢ ከሆነ፣ ስኳር ካለበት፣ ወይም ድንገት ብዛት ያለው ከወጣበት ምንም ሳትቀቡ ቀጥታ ሀኪም ጋ ውሰዱት።